የንባብ ክፍላችን ኢንተርኔት ይቆረጥ ወይስ ይጣራ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ በተጠየቀው መሠረት ቀርቧል።)



በቅድሚያ ይህን ዝናብ ሳትፈሩ ስለ መጣችሁ በሥራ አመራሩ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የውሃ መውረጃ ቦዩና የጥበቃ መዋጮው ጉዳይ ረጅም ሰዓት እንደ ወሰደብን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሦስተኛው አጀንዳ ለሌላ ቀን ይተላለፍ ቢባል ነገሩ እየባሰ ስለሚሄድ ጥቂት ታገሡኝ። ቡናው እየተቆላ ነው፤ ሽታው ሲደርሳችሁ እኔም እየጨረስኩ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ሰባት አባላት የፈረሙበት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤታችን ገብቷል። የማመልከቻው ፍሬ ነገር፣ በማኅበሩ ንባብ ክፍል ያለው የኢንተርኔት መስመር ልጆቻችንን እያበላሸ ስለሆነ ይቆረጥ የሚል ነው። በሌላ በኩል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፣ መስመሩ ከተቆረጠ ልጆቻችን የት ሄደው ያጥኑ ብለው አቤት ብለዋል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሥራ አመራሩም ወዲያው ከመወሰን ይልቅ ጸሐፊው ነገሩን አጥንቶ ያቅርብ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

እኔ እንደምታውቁኝ ባለሱቅ ነኝ። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለሆነም የኮምፒዩተር ሰው መስዬ አልቀርብም። ያገዘችኝ ኮሌጅ የተማረች የእኛው መንደር ልጅ ናት፤ ስሜ አይነሳ ስላለች አላነሳም። ሦስት እሑድ ሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። የገባኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። በማመልከቻው ላይ ከፈረሙት ሰባት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የፈረምኩትም በንዴት ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ የመጨረሻው ልጄ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በእናቱ ስልክ ኳስ ሊያይ ተቀመጠ። ጨዋታውን በነጻ የሚያሳይ ገጽ አለ ብለው ጓደኞቹ ነግረውታል። እናቱ ሻይ ይዛ ስትገባ ስልኩ ላይ ያየችው ኳስ አይደለም። ጮኸች። እኔም ምን መጣ ብዬ ከሱቅ ሮጬ ገባሁ። ልጁ «እኔ አልከፈትኩም፣ ራሱ ነው የተከፈተው» ይላል። ማን ይሰማዋል! ቀበቶዬን ፈታሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላነጋገረኝም። ማዕድ ሲቀርብ እኔ በልቼ እስክነሳ ይጠብቅ ነበር።

ኋላ ያቺ ልጅ ስልኩን ተቀብላ፣ የተከፈቱትን ገጾች በየሰዓታቸው አንድ በአንድ አሳየችኝ። ልጄ ፈልጎ የገባው የኳሱ ገጽ ላይ ብቻ ነው። የማጫወቻውን ምልክት ሲነካ ከሥሩ የተደበቀ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱ ሌላ ገጽ ጎትቶ አመጣ፤ ያም ሌላ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ልጁ እውነቱን ኖሯል። ማታ ጠርቼ «ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ለአባት ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ፊርማዬን ከማመልከቻው ላይ አንስቼ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በየቀኑ ሱቄ እየመጡ የሰው ቤት የሚጠይቁኝን ታውቃላችሁ። «የልብስ ሰፊዋ ቤት የት ነው?» ይላል አንዱ። «ከመብራት እንጨቱ ቀጥሎ ሦስተኛው አረንጓዴ በር» እለዋለሁ። ሰውየው ስም ይዞ መጣ፣ እኔ ቦታ ነገርኩት፣ ሄደ። ኢንተርኔትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። እኛ የአንድ ገጽ ስም እንጽፋለን ወይም ሊንኩን እንነካለን። ስልኩ ግን በስም መሄድ አይችልም፤ የሚሄደው በቁጥር ነው። ስለዚህ ገጹ ከመከፈቱ በፊት አንድ ቦታ ሄዶ «የዚህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሚጠየቀው ቦታ ዲኤንኤስ ይባላል። ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ ባነሰ ስለሚያልቅ አናየውም እንጂ፣ አንድ ገጽ ስንከፍት ስልካችን ስንት ስም ጠይቆ ይመለሳል መሰላችሁ።

ታሪኩ ደስ ስላለኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ገና የጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መገናኛ በነበረበት ጊዜ ስሞቹ ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፉ ነበር። መዝገቡን የሚይዘው በካሊፎርኒያ የሚገኝ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ቢሮውን የምትመራው ኤልዛቤት ፋይንለር የምትባል ሴት ነበረች። አዲስ ኮምፒዩተር ሲገባ ለእነሱ ይነገራል፣ እነሱ ይመዘግባሉ፣ ሌላው ሁሉ ከእነሱ ይገለብጣል። ልክ እንደ ዱቤ ደብተሬ። ኮምፒዩተሩ እየበዛ ሲሄድ ደብተሩ አልበቃ አለ። በ1976 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1983) ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሰው መዝገቡ በአንድ ቦታ መያዙ ቀርቶ በየቦታው ተከፋፍሎ የሚያዝበትን ዘዴ አወጣ። እስከ ዛሬ የምንሠራው በእሱ ነው።

እንግዲህ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ሱቄ መጥቶ «የአረቄ ቤቷ የት ነች?» ቢለኝ ምን እለዋለሁ? «አላውቅም፤ ወደ ቤትህ ሂድ» እለዋለሁ። ቤቷን አውቃታለሁ፣ ግን አላውቅም እላለሁ። የዲኤንኤስ ማጣሪያ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የመጥፎ ገጾችን ስም ዝርዝር የያዘ ባለሱቅ ነው። የደህናውን ገጽ ስም ስትጠይቁት ቁጥሩን ይሰጣል። ከዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ስትጠይቁት ግን ቁጥሩን አይሰጥም። ቁጥሩ ካልተገኘ ገጹ አይከፈትም። ልጄ ላይ የደረሰው ዓይነት፣ ሳይፈለግ ተጎትቶ የሚመጣ ገጽም ቢሆን መጀመሪያ ስሙ መጠየቁ ስለማይቀር እዚያው በር ላይ ይቀራል።

ራውተራችን ከፋብሪካ ወይም ከቴሌ ሲመጣ የሚጠይቀው ቴሌ ያዘጋጀለትን ነው። ያንን ትተን የሚያጣራውን እንዲጠይቅ ማድረግ እንችላለን። ለቤት አገልግሎት ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ፓኬጁንም አይበላም።

በመጋቢት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ክላውድፍሌር የተባለው የአሜሪካ ካምፓኒ ለቤተሰብ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ማጣሪያዎችን አወጣ። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶቻችን ከተዘጉ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር፤ ልጁ ሁሉ ቤት ውስጥ ነበር። 1.1.1.2 የሚለው ቫይረስና የማጭበርበሪያ ገጾችን ብቻ ይዘጋል። 1.1.1.3 የሚለው ግን እነሱንም የብልግና ገጾችንም ይዘጋል። ተጠባባቂው ቁጥር ለመጀመሪያው 1.0.0.2፣ ለሁለተኛው 1.0.0.3 ነው። ከዚህ ሌላ አሁን በሲስኮ ሥር ያለው ኦፕንዲኤንኤስ ፋሚሊሺልድ የሚባል አለው፤ ቁጥሩ 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 ነው። ክሊንብራውዚንግ የሚባለው የቤተሰብ ማጣሪያ ደግሞ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 ነው። ይኸኛው ከሁሉም ይጠብቃል። የጉግልን ፍለጋና ዩቲዩብንም ለልጅ በሚሆነው በኩል ብቻ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ ማጣሪያውን ለማምለጥ የሚያገለግሉትን ገጾችም ይዘጋል። ልጅ የሌለበት ቤት ደግሞ ለሌባውና ለቫይረሱ ብቻ 9.9.9.9 የሚለውን መጠቀም ይችላል፤ ኳድናይን ይባላል፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

ቁጥሮቹን አሁን ካልጻፋችሁ አትጨነቁ፤ ይህ ንግግር ሰሌዳው ላይ ይወጣል።

ስለ ሌባው ካነሳሁ፣ አንዲት አባላችን ስሜን ሳትጠራ ተናገርልኝ ያለችኝን ልናገር። በቴሌግራም መልእክት መጣላት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለ። ስትነካው የባንኳን ስምና ቀለም የያዘ ገጽ ተከፈተ። የሚስጥር ቁጥሯን ጻፈች። በማግሥቱ ሂሳቧ ውስጥ የነበረው የዕቁብ ብር የለም። ለሁለት ወር ለማንም ሳትናገር ቆየች፤ ሞኝ ይሉኛል ብላ ፈርታ ነው። ሞኝ አይደለችም። እኔ ገጹን አይቼዋለሁ፣ እኔም እጽፍ ነበር።

ማጣሪያው ያድናት ነበር ወይ? ሐቁን ለመናገር፣ የውሸት ገጹ ከቆየና በዝርዝሩ ውስጥ ከገባ አዎ። ዛሬ ጠዋት የተከፈተ ከሆነ ግን ባለሱቁም ገና አልሰማም። በዚያ ላይ እሷ የተጠቀመችው በስልኳ ዳታ እንጂ በቤት ዋይፋይ አልነበረም፤ የቤቱ ራውተር ላይ የተደረገ ማጣሪያ ደግሞ ዳታ ላይ አይደርስም። ስለዚህ የባንክ ሚስጥር ቁጥር በመልእክት በመጣ ሊንክ ላይ አይጻፍም። የትኛውም ማጣሪያ ቢኖር አይጻፍም።

ይህን ካልኩ ማጣሪያው የማይችለውን ልዘርዝር። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም አስገብቶ እፎይ ብሎ የሚተኛ ወላጅ ከማያውቀው ወላጅ ይብስ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ባለሱቁ የሚያውቀው ቤቱን እንጂ ክፍሉን አይደለም። ቴሌግራም የሚባለው ቤት ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ አለው። ቴሌግራም ውስጥ ካለው አንዱ ቻናል ይዘጋ፣ ሌላው ይከፈት ብትሉት ግን አይችልም፤ የሚሰማው አንዱን የበር ስም ብቻ ነውና። ቲክቶክም እንዲሁ ነው። ጓደኛ በመልእክት የላከው ቪዲዮም አይታየውም። ልጃችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በእነዚህ ውስጥ ከሆነ ማጣሪያው ከበር ውጭ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

ሁለተኛ ሌላ መንገድ አለ። በእኔ ሱቅ በኩል አላሳልፍ ካልኩት በታች በኩል ዞሮ ሌላ ሱቅ ሊጠይቅ ይችላል። የስልክ ዳታ አንዱ ነው። ቪፒኤን የሚባለው ሌላው ነው፤ ወጣቶቹ ሲስቁ አያቸዋለሁ፣ ያውቁታል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አንዳንድ ብሮውዘሮች እኛ ራውተሩ ላይ ያስቀመጥነውን ትተው፣ ራሳቸው የመረጡትን ዲኤንኤስ በምሥጢር መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ በሌላ በኩል ሰላይን የሚከላከል ደህና ነገር ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ቀዳዳ ይሆናል። በብሮውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚለውን ፈልጎ ማጥፋት ወይም እዚያው የሚያጣራውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ያለ ጥፋቱ የሚዘጋ ገጽ ነው። ያ የክላውድፍሌር ማጣሪያ በወጣበት ቀን ምንም ብልግና የሌለባቸው ገጾች አብረው ተዘግተው ነበር፤ ካምፓኒው ራሱ ስሕተቱን አምኖ አስተካክሏል። ጠበቅ ባለው ማጣሪያ ደግሞ በዩቲዩብ አንዳንድ ትምህርት ሊሰወር ይችላል፤ ሰዎች ከሥር የሚጽፉት አስተያየትም አይታይም። ስለ አስተያየቱ መጥፋት በበኩሌ አላለቅስም። የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚፈልግ ተማሪ በሩ ከተዘጋበት ግን ሄዶ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል።

ደግሞ አንድ አባት ትናንት ሱቅ መጥተው «ታዲያ እኛ የምንከፍተውን ሁሉ ያ ካምፓኒ ያውቃል ማለት ነዋ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚጠየቅ ሰው የሚጠየቀውን ስም ይሰማል። እኔም ሱቄ ላይ ማን የማንን ቤት እንደሚጠይቅ እሰማለሁ። እስከ ዛሬም ቴሌ ይሰማ ነበር፤ አሁን የምንለውጠው የሚጠየቀውን ነው። ስለዚህ ስሙ የማይታወቅ፣ አንድ ሰው በመንገድ ላይ የሰጣችሁን ቁጥር እንዳታስገቡ። መጥፎ ሰው ያዘጋጀው ዲኤንኤስ የባንካችሁን ስም ስትጠይቁት ወደ ሌባ ቤት ሊመራችሁ ይችላል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጉድለት ካለበት ለምን እንደክማለን?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ያቺ ልጅ የመለሰችልኝ «የግቢህ አጥር ሌባ አያግድም፣ ታዲያ ለምን አጠርክ?» ብላ ነው። ፈልጎ የሚሄደውን የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ማጣሪያው አያቆመውም። እሱ የእኛ ንግግርና ምክር ነው የሚያስፈልገው። ሳይፈልግ ተጎትቶ የሚገባውን የሰባትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። እኔን ደግሞ ቀበቶ ከመፍታት ባዳነኝ ነበር።

አሠራሩን ልናገር። ራውተሩ ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። እዚያ ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ብሮውዘር ከፍታችሁ ይህን ቁጥር ትጽፋላችሁ። ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ እሱም ወረቀቱ ላይ አለ። ስትገቡ ብዙ ነገር ታያላችሁ፤ አትደንግጡ፣ ደግሞ ሁሉንም አትነካኩ። ዲኤችሲፒ በሚለው ሥር ዲኤንኤስ የሚል ሁለት ባዶ ቦታ ወይም ቁጥር ያለበት ቦታ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ የነበረውን በወረቀት ገልብጡ። ከዚያ በአንደኛው 1.1.1.3፣ በሁለተኛው 1.0.0.3 ጽፋችሁ አስቀምጡት። ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ስልኮቹም ከዋይፋዩ ወጥተው ይግቡ።

ሁለተኛውን ቦታ በሚያጣራ ቁጥር መሙላት ግድ ነው። አንድ ጎረቤታችን በአንደኛው የሚያጣራውን፣ በሁለተኛው የማያጣራውን አስገብቶ «አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፍታል፣ የማይረባ ነገር ነው» ይል ነበር። ስልኩ ከሁለቱ የፈለገውን ነውና የሚጠይቀው። ሁለት በር ላይ ሁለት ዘበኛ አቁማችሁ አንዱ ቢተኛ ያው ነው።

የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድም ለውጡት። ከፋብሪካ የመጣውን ልጆቹ ከእናንተ በፊት ነው የሚያውቁት። በተጨማሪም ከኋላው በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷን ለጥቂት ጊዜ የያዛት ሰው ራውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ ማጣሪያውም አብሮ ይጠፋል። መብራት ስለጠፋ አይጠፋም፣ በዚህች ቀዳዳ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ በወር አንድ ቀን ገብቶ ቁጥሩ መኖሩን ማየት ነው።

አንዳንዱ ራውተር ዲኤንኤሱን ለመለወጥ አይፈቅድም። ያኔ በየስልኩ ማድረግ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከሆነና ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የወጣው ዘጠነኛው አንድሮይድ ወይም ከዚያ የበለጠ ካለው፣ በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል አለ። እዚያ የሚጻፈው ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ስለሆነ በጽሕፈት ቤታችን መስኮት ላይ ለብቻው ተጽፎ ይለጠፋል። ጥሩነቱ፣ በዋይፋይም በዳታም ይሠራል። ለዚያች አባላችን ስልክ ያደረግነው ይህን ነው። አይፎን ያላችሁ ደግሞ በየዋይፋዩ ስም ሥር ዲኤንኤሱን በእጅ መሙላት ትችላላችሁ፤ ይኸኛው ዳታ ላይ ግን አይሠራም።

በእኔ ቤት ቁጥሩን ያስገባው ራሱ ልጄ ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ምን እንደሚዘጋ፣ ለምን እንደሚዘጋ ነገርኩት። «ኳሱስ?» አለኝ። «ኳሱን ከእኔ ጋር በቴሌቪዥን እናያለን» አልኩት፤ በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ማታ ሱቁን በጊዜ መዝጋት ጀምሬያለሁ፣ ደንበኞቼ ስታማርሩኝ የቆያችሁት ለዚህ ነው። ሌላም ተስማምተናል። ደስ የማይል ነገር ከመጣበት ስልኩን ገልብጦ ይጠራኛል፣ እኔም አልቆጣም። ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል። ማጣሪያውን ከልጆች ደብቃችሁ የምታስገቡ ወላጆች ካላችሁ ግን እኔ አልስማማም። የተደበቀ ነገር ሲገኝ ወጥመድ ይሆናል፤ የተነገረ ነገር ግን የቤት ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው ልምጣ። ሥራ አመራሩ ተነጋግሮበት ለጠቅላላ ጉባዔው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የንባብ ክፍሉ መስመር አይቆረጥም። በራውተሩ ላይ ጠበቅ ያለው፣ የክሊንብራውዚንግ የቤተሰብ ማጣሪያ ይገባል፤ እዚያ የሚቀመጠው በአብዛኛው ተማሪ ነውና። ራውተሩ መርፌ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ በሊቀ መንበሩና በተማሪ ወላጆች ተወካይ እጅ ይሆናል። ያለ ጥፋቱ የተዘጋ ገጽ ያገኘ ተማሪ የሚጽፍበት ደብተር በሩ አጠገብ ይንጠለጠላል፤ በየሳምንቱ እየታየ መልስ ይሰጥበታል። ለሦስት ወር ተሞክሮ ሪፖርት ይቀርባል።

አንዳንድ አባላት ሁለት ተጨማሪ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። አንደኛው፣ በንባብ ክፍሉ ማን ምን እንደከፈተ ዝርዝር ይያዝልን የሚል ነው። እንዲህ ያለውን የሚመዘግብ አገልግሎት አለ፤ ይቻላል። እኔ ግን ተቃውሜያለሁ። የሰው ልጅ ስለ በሽታው፣ ስለ ችግሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ ጠይቆ ሊያነብ ይችላል፤ ያንን ዝርዝር ዛሬ እኔ ብይዘው ነገ ማን እንደሚይዘው አላውቅም። በዚህ መንደር ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ከባለሱቅ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው፣ ጸሐፊው በየቤታችን እየገባ ያስገባልን፣ ፓስወርዱንም እሱ ይያዝልን የሚል ነው። ስለ እምነታችሁ አመሰግናለሁ። ለማስገባቱ እረዳለሁ፣ የመንደሩን ሁሉ ቁልፍ ግን አልይዝም። በሩ የእናንተ ነው፣ ቁልፉም በእናንተ እጅ መሆን አለበት።

ለመርዳት ያቺ ልጅና እኔ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ለአራት ሳምንት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በዚህ አዳራሽ እንገኛለን። ራውተራችሁን ነቅላችሁ ተሸክማችሁ እንዳትመጡ አደራ፤ እዚህ አይሠራም። ከሥሩ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ወይም ገልብጣችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። እንዴት እንደሚደረግ እዚህ ባለው ራውተር ላይ እናሳያችኋለን፤ ከዚያ ቤታችሁ ሄዳችሁ ታደርጉታላችሁ። ያልተሳካለት ሲኖር ያን ጊዜ ቤቱ ድረስ እንሄዳለን። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቶች ልጃቸውን ይዘው ይምጡ፤ ከልጅ ጋር ቢሆን እንዲያውም ይሻላል።

ቡናው ደርሷል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከዚያ ማመልከቻው ላይ የቀሩት ስድስት ፈራሚዎች ቀድመው ይናገሩና እጅ እናወጣለን።